ዝም ላለ ሰው ስንት ሰዓት ውሃ?

እኔ ኩሩ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ ቁሐር ሚካኤል የምትባል የፎገራ ቀበሌ ላይ የገጠመኝ ነገር ለምን እንዲያ እንዳደረገኝ አይገባችሁም። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ፣ በጥሩ ውጤት ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ ወረታ አባቴ ሱቅ ውስጥ የውሃ ሞተር ቀበቶና የጎማ ቱቦ ስሸጥ እንኳ ኩራቴ ንክች አላለም። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ከፎገራ ሜዳ የሚመጡ ገበሬዎች ናቸው። «የሞተር ቤቷ ልጅ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ። እኔም ቱቦ እየለካሁ በልቤ «ቆይ ብቻ፣ ማን እንደሆንኩ ታያላችሁ» እል ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሩዙ ታጭዶ ካበቃ በኋላ ነው። ይበልጣል የሚባል የቁሐር የውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ ማጣሪያ ሊገዛ መጥቶ፣ ገዝቶ፣ ሳይወጣ ቆመ።

«ሰሚራ፣ አንቺ ኮምፒውተር ተምረሻል አይደል?»

«ምነው?»

«ተራ ማውጣት ይችላል?»

«የምን ተራ?»

«የውሃ ተራ ነዋ!»

እንደምታውቁት የፎገራ ሜዳ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ያው መሬት ይሰነጠቃል። ከሩዙ በኋላ ቀይ ሽንኩርት የሚተክሉ ሰዎች ከወንዙ በተጠለፈ አንድ ቦይ ያጠጣሉ። የዚያ ቦይ ተጠቃሚ ሠላሳ አምስት አባወራ ነው። በቀን ለሰባት ሰው ይደርሳል፣ በአምስት ቀን ዞሮ ይመለሳል። የእያንዳንዱ ሙሉ ድርሻ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ማን መቼ ውሃውን ወደ ማሳው እንደሚያዞር የሚያዝዙት የውሃ አባቱ፣ አያ ደርበው ናቸው። እሳቸው ግን ዓይናቸው እየደከመ መጣ። በዚያ ሰሞን ቦይ ዳር ሁለት ጊዜ ስለወደቁ ኮሚቴው «ይረፉ» ብሎ ለመናቸው።

«ተራውን የጻፉበትን ደብተር አምጣልኝ» አልኩት።

«የምን ደብተር? ያውቁታል እንጂ ምን ይጽፉታል።»

ሳቅሁ። የሠላሳ አምስት ሰው ሰዓት በአንድ ሽማግሌ ጭንቅላት! እስካሁን ሳይጣሉ መኖራቸው ገረመኝ። «ሦስት ቀን ስጠኝ» አልኩት። ሄጄ አያ ደርበውን መጠየቅ ግን ትዝም አላለኝ።

የነበረኝ ላፕቶፕ ባትሪው የሞተ፣ ሶኬት ላይ ካልተሰካ የማይነሳ ሽማግሌ ነው። ከባድ ነገር ስለማይሸከም ፕሮግራሙን ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፍኩት። ሲ ደግሞ የምወደው ቋንቋ ነው። አሠራሩን ላስረዳችሁ፤ አትፍሩ፣ ከሻይ አይከብድም። ጥቁር መስኮት ላይ መጀመሪያ የፕሮግራሙን ስም ትጽፋላችሁ፣ ቀጥሎ የባለማሳውን ስም። ከዚያ ወዲያ ያለው አማራጭ ነው፤ ብትፈልጉ ሰረዝና አንድ ፊደል አስቀድማችሁ የሰዓቱን ልክ ትጨምራላችሁ፣ ባትፈልጉ ትተዉታላችሁ። ፕሮግራሙ ሲነሳ ስንት ቃል እንደተጻፈለት ይነገረዋል፣ ቃሎቹም በተርታ ይሰጡታል። እሱ ከፊት ወደ ኋላ እያየ ሰረዝ ያለበትን ይለያል።

ሻይ ቤት ገብቶ እንደማዘዝ ነው። «ሻይ» ካላችሁ ስኳር ያለው ይመጣል፤ መናገር ያለበት «ያለ ስኳር» የሚለው ሰው ነው። ስለዚህ ፕሮግራም ጸሐፊው አስቀድሞ መወሰን ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። ሰውየው ምንም ካላለ ምን ላምጣለት?

እኔ ዜሮ አልኩ።

አላሰብኩበትም። ሲ ላይ ቁጥር የሚቀመጥበትን ቦታ ሳትሞሉ ከተዋችሁት ቀድሞ እዚያ የነበረ ርዝራዥ ይገኝበታል፤ ፕሮግራሙም ያንን እውነት ብሎ ይይዘዋል። መምህራችን ይህን ስለሚፈሩ «ባዶ አትተዉ፣ ዜሮ አድርጉበት» እያሉ አራት ዓመት ነዝንዘውናል። እኔም ጎበዝ ተማሪ ነበርኩና ዜሮ አደረግሁበት። እንዲያውም ለውበት ብዬ ሁለት ነገር ጨመርኩ። ሰዓቱ ዜሮ የሆነ ሰው ስሙ ዝርዝሩ ላይ አይወጣም፤ ከቀኑ የተረፈ ሰዓት ካለ ደግሞ ለቀሩት እኩል ይከፋፈላል። ሠርቼ ስጨርስ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ይበልጣል ላፕቶፑን ወሰደ፤ ቤት ለቤት እየዞረ የየሰዉን ሰዓት ጠይቆ አስገባ። በየጧቱ ፕሮግራሙን አስነስቶ ያወጣለትን ዝርዝር ቦዩ መግቢያ ላይ በቆመ ሰሌዳ በጠመኔ ይጽፋል። ስም በሚያስገባበት ቀን አንድ ጊዜ ደውሎልኝ ነበር።

«ሰሚራ፣ አንድ ሰው ቤቱ ዝግ ነው። ስም ብቻ ብጽፍ ይቀበላል?»

«ይቀበላል» አልኩት፤ ሱቁ ሞልቶ እየተገፋሁ። «ሌላው አማራጭ ነው አላልኩህም?»

«አይ ጎበዝ!» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ቀን በሕይወቴ ደስ ካሉኝ ጊዜያት አንዱ ነበር። ሱቅ የሚመጣው ሁሉ ይመርቀኛል። አንድ ገበሬ አባቴን «ሐጂ፣ ይቺ ልጅዎ የሠራችው ማሽን እኮ ውሃ አበዛልን። ለእኔ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ደረሰኝ፤ ዱሮ እኮ አንድ ተኩል ነው» አላቸው። አባቴ «አልሐምዱሊላህ» እያሉ ጢማቸውን ዳሰሱ። እኔም አመንኩ። ወንዙ ያው ወንዝ፣ ቦዩ ያው ቦይ ሆኖ ሳለ ውሃው ከየት ተርፎ እንደበዛ መጠየቅ አልነበረብኝም ትላላችሁ?

በአሥራ አንደኛው ቀን ጧት ይበልጣል «ነገ ቦዩ ለሦስት ቀን ለጠረጋ ይዘጋል፤ ከመዘጋቱ በፊት ሥራሽን በዓይንሽ እይው» ብሎ ጠራኝ። በባጃጅ ሄጄ ወረድኩ። አራት ሰዓት አካባቢ ነው። ቦዩ ሞልቶ ይወርዳል፤ ሰሌዳው ላይ የስድስት ሰው ስም በይበልጣል ድርድር ያለ ጽሕፈት ተጽፏል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አጠጥተው ጨርሰዋል፣ ሦስተኛው አካፋውን ይዞ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል።

አያ ደርበውን ያን ጊዜ አየኋቸው። ዘንጋቸውን ተመርኩዘው በቦዩ ዳር ከግርጌ ወደ ላይ እየመጡ ነው። ይበልጣል ሮጦ ሊይዛቸው ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

«ደኅና አደሩ አያ ደርበው። ይቺ ናት ሰሚራ፤ ማሽኑን የሠራችው።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ» አሉኝ ወደ ድምፄ ዞረው። ከዚያ እንደ ማፈር ብለው «አንድ ነገር ልጠይቅ ነበር። አሳርፋችሁኛል፣ ነገር ማቡካት እንዳይሆንብኝ ብዬ ዝም አልኩ እንጂ» አሉ።

«ይጠይቁ እንጂ!»

«ወደ ጥሩነሽ ማሳ የሚሄደው ውሃ በእኔ አጥር ሥር ነው የሚያልፍ። ሲያልፍ እሰማዋለሁ። ሁለት ተራ አላለፈም፤ ዛሬ ሦስተኛው ነው። ማሽኑ መንገዱን ለወጠው ወይ?»

ይበልጣልን አየሁት። እሱ ሰሌዳውን አየ። በጣቱ ስሞቹን ቆጠረ፤ ስድስት ናቸው።

«ሰባት መሆን ነበረበት» አለ በቀስታ። «እኔ እኮ ተራዬ ይለፈኝ ብለው የሄዱ መስሎኝ ነው።»

«ለማን ነው ይለፈኝ ያለችው?» አሉ አያ ደርበው።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከአንዲት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው። ልጅቱ ታማባቸው ሽንኩርቱን በተከሉ ማግስት በጣራ ገዳም በኩል ጠበል ይዘዋት ወርደዋል። ያ «ቤቱ ዝግ ነው» የተባለላቸው ሰው እሳቸው ነበሩ። የዓመቱ ተስፋቸው ደግሞ ያ ሽንኩርት ነው፤ ለልጅቱ ሕክምናም ለቤቱም ሌላ የላቸውም።

ወደ ማሳው ሄድን። ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ነው፣ የቦዩ መጨረሻ። በሁለቱም ወገን ያለው ሽንኩርት ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፤ የእሳቸው ብቻ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኖ መደቡ ላይ ተኝቷል። አፈሩ ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ ተሰነጣጥቋል። አያ ደርበው ተንበርክከው አንዱን ችግኝ በጣታቸው ከሥሩ ፈለጉት፤ ጫን አድርገው ያዙት፤ ወደ ሌላ መደብ ሄደው እንደዚያው አደረጉ።

«ሥሩ አለ» አሉ። «ዛሬ ካገኘ ይነሳል። ቦዩ ተዘግቶ እስኪከፈት ግን አይቆይም።»

እኔ ላፕቶፑን መክፈት አላስፈለገኝም። ያቺን መስመር በቃሌ አውቃታለሁ፤ ዜሮ ያልኩባትን። ስም ብቻ ተጻፈ፣ አማራጩ አልተነገረም፣ ፕሮግራሙ ዜሮ ወሰደ። ዜሮ ስለሆነ ስማቸው ከሰሌዳው ጠፋ። አንድ ሰዓት ተኩላቸው ለስድስቱ ጎረቤት ሩብ ሩብ ሰዓት ሆኖ ታደለ። ሰዉ ያመሰገነኝበት በረከት ከእኚህ ሴት ማሳ የተወሰደ ውሃ ነበር። መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ ብል ውሸት ነው፤ ማልቀስም አፈርኩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

«የእኔም ነው» አለ ይበልጣል። «ስማቸውን ካስገባሁለት ድርሻቸውን ያውቃል ብዬ ነው።»

አያ ደርበው በዘንጋቸው መሬቱን እየነኩ «ልጄ፣ ያ ማሽንሽ ዝም ላለ ሰው ምን ይሰጣል?» አሉኝ።

«ዜሮ።»

«ዜሮ ስንት ነው?»

«ምንም።»

ሲናገሩ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የምር ሊገባቸው የፈለገ ነው የሚመስለው። «ዝም ያለ ሰው ምንም አልፈልግም አለ ማለት ነው?»

ጎረቤቶቹስ እንዴት ዝም አሉ ብዬ ብጠይቅ ይበልጣል ነገረኝ። በእነሱ ዘንድ ስም ከተራ የሚወጣው ባለቤቱ ራሱ በአፉ «ይለፈኝ» ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ የጥሩነሽን ስም ሰሌዳው ላይ ያጣ ሁሉ እሳቸው ራሳቸው እንዳሉ አመነ። ባለቤቱ ይለፈኝ ያለበትን ማሳ ደግሞ ማንም ውሃ አያዞርበትም፤ ነውር ነው። የእኔ ዜሮና የእነሱ ጨዋነት ተጋግዘው ሽንኩርቱን ሊገድሉት ነበር።

«እርስዎ ለዝምተኛ ሰው ምን ነበር የሚሰጡት?» አልኳቸው።

«ዝም ያለማ ሙሉ ድርሻው ነው» አሉ፤ ምን ይጠየቃል በሚል ድምፅ። «የሚናገር ይቀነስልኝ የሚል ነው። ማሳዬ ርሷል፣ አንድ ሰዓት ይበቃኛል ያለ እንደሆነ አንድ ሰዓት፤ እሱም ለዚያች ተራ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዝም ካለ ተመልሶ ሙሉ ነው። ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ነገር ያለ እንደሆነ የኋለኛውን እይዛለሁ። ይለፈኝ ያለ ይለፈው፤ ግን በአፉ ይበል። ከተራው የሌለ ሰው ስም ጠርቶ ውሃ የጠየቀኝ እንደሆነ ማነህ ብዬ እመልሰዋለሁ፤ በግምት አላዞርለትም። ጠበል የወረደች፣ የወለደች፣ ሐዘን የተቀመጠ፣ እነዚህ ከቦዩ በላይ በኩል ያለው የራስጌ ጎረቤታቸው ነው የሚያዞርላቸው፤ ሳይጠየቅ።»

ፕሮግራም የምትጽፉ ሰዎች ካላችሁ ያን ጊዜ የተሰማኝን ታውቁታላችሁ። ሳይነገር ሲቀር የሚያዘው ልክ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ለውጥ፣ ሁለት ትእዛዝ ሲጋጭ የኋለኛው መጽናቱ፣ የማይታወቅ ቃል ሲመጣ ገምቶ ከመቀበል መልሶ መጠየቅ። እነዚህ አራት ዓመት የተማርኳቸው፣ ፈተና የወደቅሁባቸው፣ ሌሊት ሙሉ የተጨቃጨቅንባቸው ነገሮች ናቸው። እኚህ ፊደል ያልቆጠሩ ሰው አንድ ሳያስቀሩ በጭንቅላታቸው ይዘው በዚህ ቦይ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሠሩባቸው ኖረዋል። እኔ የሳቅሁባቸው ደብተር ስለሌላቸው ነበር። እንዲህ ያለ መደነቅ በሕይወቴ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ፍርሃት ያለበት መደነቅ ነው።

«ይሄን ሁሉ ማን አስተማረዎት?»

«ከእኔ በፊት የነበሩት። ለእነሱም ከእነሱ በፊት የነበሩት።»

«ተሳስተው አያውቁም?»

«ሳልሳሳትማ!» ፈገግ አሉ። «የሐዘንተኛውን ሕግ ያወጣሁት ከተሳሳትሁ በኋላ ነው። የአንድ ሰው ጤፍ አቃጥያለሁ በእሱ። በይ ተነሽ አሁን፤ ፀሐዩ እየሄደ ነው።»

እዚያው ቆመው ሂሳቡን በአፋቸው አወጡት። ከአራት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያለው ውሃ ለአራት ሰው ነው የቀረው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ። እያንዳንዱ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቢተው ሁለት ሰዓት ይተርፋል። ለጥሩነሽ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ቀሪውን ግማሽ ሰዓት ደረቅ ቦይ ይጠጣዋል። ያን ግማሽ ሰዓት እኔ በፍጹም አላሰብኩበትም ነበር። እኔ የማውቀው ውሃ እንደተላከ የሚደርስ ነው።

«አሁኑኑ ለእሳቸው እናዙረዋ!» አልኩ።

«በዚህ ፀሐይ ብታጠጪው ይቀቀላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።»

አራቱ ሰዎች ጋ አንድ በአንድ ሄድን። አያ ደርበው እኔ እንድናገር አደረጉ። ለመጀመሪያው ስነግረው አካፋውን ጣለና «እኔ እኮ በረከት መስሎኝ!» ብሎ ራሱን ያዘ። «ግማሽ ሰዓት አይደለም፣ የፈለጋችሁትን ውሰዱ።» ሁለተኛዋ የእጅ ስልኳን አውጥታ ሰዓቷን አየች፤ መቼ እንደምትዘጋ ለማወቅ ነው። ሦስተኛውም እሺ አለ። አራተኛው፣ አያ ሙጨ የሚባሉ፣ አልሆን አሉ።

«የእኔ ሽንኩርት ቀድሞ የተተከለ ነው፤ እንደ ኳስ ራስ እየቋጠረ ነው። አሁን ውሃ ካጎደልሁበት ዓመቱን ሙሉ ለፍቼ ምን ላደርግ ነው? የሷን አላየሁ፣ አልነካሁ። ማሽን የሠራች ትክፈላት።»

እውነታቸውን ነው። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት አያ ደርበው በዘንጋቸው እግሬን ነካ አደረጉኝ። «ዝም በይ» ማለታቸው ነው። «ደኅና ዋል ሙጨ» ብለው ብቻ ዘወር አሉ።

«ለምን አልለመንናቸውም?» አልኩ መንገድ ላይ።

«ሰምቷል» አሉ።

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ነው። አያ ደርበው ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጡ፤ እኔ ወዲያና ወዲህ አልኩ። ይበልጣል ደረቁን ቦይ በዶማ ይጠርጋል፣ ውሃው እንዳያባክን። የአያ ሙጨ ግማሽ ሰዓት ከቀረ ለጥሩነሽ ማሳ የሚደርሰው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ግርጌ ያሉት መደቦች አያገኙም ማለት ነው። ስልኬን እያየሁ ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ተኩል ሆነ። የአያ ሙጨ ተራ የመጨረሻው ነበር፤ ውሃው እሳቸው ማሳ ውስጥ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ቦዩ ደረቅ ነው።

«አልዘጉትም» አልኩ።

አያ ደርበው ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ። ራሳቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው እንደ ሐኪም ያዳምጣሉ። እኔ ምንም አልሰማሁም፤ የወፍ ድምፅ ነው፣ የሩቅ ሞተር ነው።

«መጣ» አሉ።

«የታል?»

«አጥሬ ጋ ደርሷል።»

እኔ ያየሁት ከብዙ ደቂቃ በኋላ ነው። መጀመሪያ የደረቀ ቅጠልና ገለባ እየገፋ የሚመጣ ቡናማ አረፋ ታየ። ቀስ ይላል፣ ስንጥቁ ውስጥ ይሰምጣል፣ የጠፋ ይመስላል፣ ከዚያ ሞልቶ እንደገና ይነሳል። ደረቁ አፈር ሲጠጣ የሚያሰማውን ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከኋላው ደግሞ አያ ሙጨ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኖ፣ ከውሃው እኩል እየተራመዱ ይመጣሉ። ልክ በሰዓቱ ዘግተውት ነው የመጡት። እኔን አላዩኝም። የመጀመሪያውን መደብ አፍ በአካፋ ከፈቱና ውሃውን አስገቡት። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ይበልጣልም ገባ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የመጨረሻው መደብ ላይ ደርሰን ነበር።

በማግስቱ ወይዘሮ ጥሩነሽ ሊመለሱ መሆናቸውን ይበልጣል ነገረኝ። አባቴ ሁሉንም ሰምተዋል። «ሂጂና በራስሽ አፍ ንገሪያቸው» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ማሳቸው ውስጥ አገኘኋቸው፤ ከእነ ነጠላቸው፣ ገና ቤት ሳይገቡ። ሽንኩርቱ ቀና ብሏል። ዳር ያሉት ሁለት መደቦች ግን አልተነሱም፤ ሞተዋል። አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ዜሮዋንም፣ የጠፋውን ስማቸውንም፣ ሱቅ ውስጥ ተመርቄ እንደነበርም። የሞቱትን ሁለት መደቦች እያዩ ሰሙኝ።

«እኔ እኮ ምንም አላልኩም» አሉ መጨረሻ ላይ።

«አዎ፣ ለዚያ ነው ማሽኑ…»

«አይደለም ልጄ። ልጄን አዝዬ ስወጣ ለማንም ምንም አላልኩም። ምን ብዬ? ዝም ብዬ የሄድሁ እኮ አምኜ ነው።»

ጎንበስ ብለው የሞተውን ችግኝ ይነቅሉ ጀመር። እኔም ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቶ ምን ያህል ትንሽ እንደነበር እስካሁን አልረሳውም።

በሦስቱ የጠረጋ ቀናት በየጧቱ አያ ደርበው ቤት እየሄድኩ ሕጋቸውን አንድ በአንድ ጻፍኩ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጠይቃለሁ፣ ማታ ወረታ ገብቼ ፕሮግራሙን አርማለሁ። አሁን ስም ብቻ ከተጻፈ ሙሉ ድርሻ ነው። ዜሮ የሚሆነው ባለቤቱ ራሱ ሲል ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ስሙ ሰሌዳው ላይ ይወጣል፣ «ይለፈኝ ብሏል» ተብሎ። የማይታወቅ ነገር ከተጻፈ ፕሮግራሙ ይቆምና ይጠይቃል። ዜሮ የነበረባትን መስመር ስቀይር ከጎኗ በአማርኛ «ዝም ያለ ሰው ሙሉ ድርሻው ነው፤ አያ ደርበው» ብዬ ጻፍኩባት። ማስታወሻ ናት፣ ማሽኑ አያነባትም።

ዛሬ ባሕር ዳር ሥራ ይዣለሁ። ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸው ነገሮች በእጄ ያልፋሉ። አንድ ሥራ ሲሰጠኝ አስቀድሜ የምፈልገው፣ ሰው ሲናገር የሚሆነውን አይደለም፤ ያልተናገረው ሰው ምን እንደሚደርሰው ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ያሾፉብኛል፤ ያሹፉ። እናንተም ኮምፒውተር ነክታችሁ የማታውቁ ብትሆኑ፣ ቤት የምታስተዳድሩ፣ ስብሰባ የምትመሩ፣ ዝርዝር የምትጽፉ፣ ስሙ ኖሮ ቃሉ የሌለ ሰው እፊታችሁ አለ። ለእሱ አንድ ነገር ወስናችሁለታል። ምን እንደወሰናችሁለት ታውቁታላችሁ? እኔ አላውቀውም ነበር።

ዘንድሮ ሽንኩርት በተተከለ ሰሞን ይበልጣል ደወለልኝ። ወሬ ስናወራ፣ ስናወራ፣ ስለ ሁሉም ጠየቅሁት። አያ ደርበው ዓይናቸው ጭራሽ ጠፍቷል፤ አሁንም በአጥራቸው ሥር የሚያልፈውን ውሃ ይቆጥራሉ አለኝ።

«እትዬ ጥሩነሽስ?»

«ልጅቱ ደኅና ሆናለች። ስለት አለብን ብለው ትናንት ጣራ ገዳም ሄዱ።»

«ስለ ውሃው ለማን ምን ብለው ሄዱ?»

«ምንም አላሉም» አለ ይበልጣል።

«ዛሬ ተራቸው አይደል? ደረሳቸው?»

«ቆይ» አለና ስልኩን ወደ እሳቸው ማሳ ወደሚወስደው ቦይ አስጠጋልኝ። በቁሐርና በባሕር ዳር መካከል ያለውን ርቀት ሁሉ አልፎ ድምፁ ደረሰኝ፤ ውሃው እያለፈ ነበር።